ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ያቁም? ራስን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ ግሽ ዓባይም ሆነ ሌላ ቦታ ጸበል የሚገባ ብዙ ሕመምተኛ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ «ራስህን ሙሉ በሙሉ ለእግዚአብሔር ከሰጠህ ክኒኑ ምን ይሠራልሃል?» ሐሳባችሁን ስጡ፤ ማስረጃችሁንም አምጡ።

ዘደብረ ማርቆስ፦ ማቆም አለበት ባይ ነኝ። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት 12 ዓመት ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች ጨረሰች፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም (ማር. 5፥26)። የዳነችው የልብሱን ጫፍ ስትነካ ነው። ንዕማን ዮርዳኖስ 7 ጊዜ ተጠምቆ ነጻ እንጂ ቅባት አልጨመረም። ንጉሥ አሳም እግሩን ሲታመም እግዚአብሔርን ትቶ ባለ መድኃኒት ስለ ፈለገ ተወቀሰ (2ኛ ዜና 16፥12)። ጠዋት ጸበል ማታ ክኒን ማለት በሁለት ልብ መሄድ ነው።

የቅኔ ተማሪ (ዋሸራ)፦ ወንድም ዓለም፣ ጥቅሶችህ ልክ ናቸው። የአሳን ግን ደግመህ እየው፤ የተወቀሰው መድኃኒት ስለ ፈለገ ሳይሆን እግዚአብሔርን ስላልፈለገ ነው። ከእሱ ጎን ሕዝቅያስን አስቀምጥ። አለቀሰ፣ ጸለየ፣ «እፈውስሃለሁ፤ 15 ዓመት እጨምርልሃለሁ» የሚል ቃል ከእግዚአብሔር መጣለት። ቃሉ ከመጣ በኋላ ነው ኢሳይያስ «የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ» ብሎ እባጩ ላይ ያስደረገው (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። ተስፋው በእጁ ሳለ ነቢዩ መድኃኒት አዘዘ። ንዕማንም የታዘዘውን አደረገ እንጂ የራሱን ምርጫ አልያዘም፤ እሱማ የደማስቆን ወንዞች ነበር የመረጠው። ራስን መስጠት ማለት ፈቃድን መስጠት ነው። «ክኒኑን ጥያለሁና አሁን ፈውሰኝ» ማለት ግን ፈቃድን መስጠት ሳይሆን ለእግዚአብሔር ቀነ ቀጠሮ መቁረጥ ነው። ከቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» የተባለውን አስታውስ፤ የጌታ መልስ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ነው።

ጤና መኮንን (ሞጣ)፦ ማቋረጥ የሚያመጣውን ልናገር። የቲቢ ሕክምና በተለመደው 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሳሉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል። «ድኛለሁ» ተብሎ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። የቀሩት ጀርሞች ግን ጠንካሮቹ ናቸው፤ መድኃኒት ተላምደው ይመለሳሉ፣ ለቤተሰብም የሚተላለፈው ያው የተላመደው ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ሰውየው ለጊዜው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ቫይረሱ ግን በሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ይበዛል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክኒኑን በድንገት ካቆመ በማያባራ መንቀጥቀጥ ሊሞት ይችላል። ከልጅነት ጀምሮ በኢንሱሊን የሚኖር ሰው ካቆመ ያለው ጊዜ የቀናት ነው።

ዘደብረ ማርቆስ፦ የሞቱን ነገር አልክድም። ግን ልባቸውን ክኒኑ ላይ ጥለው ንስሐ የማይገቡ፣ ጸበሉን እንደ ተጨማሪ ሽሮፕ የሚጠጡ አሉ። ይህስ?

የቅኔ ተማሪ (ዋሸራ)፦ እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። የእሱ መድኃኒት ግን የንስሐ አባት ጋ ነው፤ ክኒኑን መጣል ያልተናዘዘን ሰው የተናዘዘ አያደርገውም። ሲራክ 38ንም አንብብ፤ «ጸልይ» ካለ በኋላ ነው «ለባለ መድኃኒት ስፍራ ስጠው» ያለው። ቤተ ክርስቲያናችንም ዝም አላለችም፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አይቃረኑም ብለው በግልጽ አስተምረዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (ፍኖተ ሰላም)፦ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ሁለቱን አብሮ መያዝ እንዴት ይቻላል? ሱባኤ የገባ ሰው በባዶ ሆዱ ብዙ ጸበል ይጠጣል፣ ያስመልሰዋል፣ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል።

ጤና መኮንን (ሞጣ)፦ ዋናው ችግር ማስመለሱ ነው፤ ክኒኑ ከጸበሉ ጋር ይወጣል። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ከሆነ ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም በየቀኑ በዚያችው ሰዓት መዋጥ። ከመሄዱ በፊት ለቆይታው የሚበቃ መድኃኒት፣ ለመንገድ መዘጋትም ትርፍ ይያዝ። ኢንሱሊን ወግቶ እስከ 9 ሰዓት መጾም ግን አይሆንም፤ ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ያለው ሰው «መንፈስ ነው» ብሎ ውሃ ሲያፈስበት ራሱን ሊስት ይችላል። እዚያ የሚያስፈልገው ወዲያው ስኳር ወይም ማር ነው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት ወደ ጤና ጣቢያ።

የቅኔ ተማሪ (ዋሸራ)፦ ፍትሐ ነገሥትም ሕመምተኛን በጾም አያስገድድም። ይህን ለንስሐ አባት ቀድሞ መንገር ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (ፍኖተ ሰላም)፦ በር ላይ «መድኃኒትህን ጥለህ ግባ» የሚል ሰው ቢያጋጥምስ?

ዘደብረ ማርቆስ፦ በዚህ አልከራከርም። እንዲህ የሚል ሰው ሥልጣኑን ከማን አገኘው? የደብሩ አስተዳዳሪ ይጠየቁ፤ ያ ሰው አስጠማቂ ካህን ካልሆነ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ቃል አይደለም። መድኃኒቱ በጉያ ይቀመጥ። የልቡን ነገር ግን ደግሜ እላለሁ፤ እሱን ባለመድኃኒት አይተካውም።

ጤና መኮንን (ሞጣ)፦ አንድ ነገር ልጨምር። የቲቢ ሕመምተኛ ሕክምና ጀምሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ሳይሞላው ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት የጸበልተኛ ማደሪያ አይግባ፤ መግባት የሚችልበትን ቀን የሚነግረው የጤና ባለሙያው ነው። ከገባም በኋላ መስኮት ይከፈት።