የዶርፐር ድቅል አውራ ለመንዝ በጎች ይሆናል?

የደጋው አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነኝ፣ 14 የመንዝ እናት በጎች አሉኝ። ጎረቤቴ 50 ፐርሰንት ዶርፐር የሆነ አውራ ሊሸጥልኝ ነው፣ ግልገሎቹ ቶሎ ደርሰው ለፋሲካ እንዲወጡልኝ ነው ሀሳቤ። ግን ላቱ ትንሽ ስለሆነ ገዢ አይወደውም እያሉ ያስፈሩኛል፣ ምን ትላላችሁ?

ቬት ከሸዋ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ሂሳቡን አስተካክለው፣ አውራው 50 ከሆነ ከመንዝ እናት የሚወለደው 25 ፐርሰንት ነው፣ እንደ አባቱ ይሆናል ብለህ አትጠብቅ። ለደጋ ግን እኔም ይሄንኑ 25 ፐርሰንቱን ነው የምመርጠው። ዶርፐር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶርሴት ሆርንን ከጥቁር ራስ ፐርሺያን ጋር አዳቅለው ለደረቅ አገር ያወጡት የሥጋ በግ ነው፣ ብርዱን እንደ መንዝ አይችለውም፣ ደሙ በበዛ ቁጥር መኖውም መጠለያውም ይበዛብሃል። ግንቦት ላይ ካስጠቃህ በ5 ወሯ ጥቅምት ላይ ትወልዳለች፣ ሳር ያለበት ወቅት ስለሆነ ወተት አይጎድላትም፣ ግልገሉም ለፋሲካ 6 ወር ገደማ ይሆነዋል። ገና ያልወለዱትን ቄቦች ግን አትስጠው፣ ግልገሉ ከገዘፈ ምጥ ላይ ይቸገራሉ። ሴት ልጆቹ ሳይደርሱ ደግሞ አውራውን ቀይረው፣ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ።

አርቢዋ፦
የላቱ ነገር እውነት ነው ወንድምዬ። የበዓል ገዢ እኮ መጀመሪያ እጁን ላቱ ስር ሰዶ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝነዋል፣ ወገቡን የሚዳብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ድቅሉ ላት ላይ ይሸነፋል ወገብና ታፋ ላይ ግን ይበልጣል፣ ስለዚህ እኔ ድቅል ወንዶቹን ለሆቴልና ለሥጋ ቤት ነው የምሰጠው፣ እነሱ ሥጋውን አይተው ነው የሚገዙት፣ ለበዓል የመንዝ ሙክት አወጣለሁ። ብቻ በድቅሉ ተማርከህ እናቶቹን እንዳትሸጥ፣ ድርቆሽ ሲያልቅ ችለው የሚያድሩልህ እነሱ ናቸው!

ቬት ከሸዋ፦
ስትገዛ ደግሞ ቆለጡን ዳብሰህ ሁለቱም እኩልና ጠንካራ መሆናቸውን እይ፣ ጥርሱንና ሰኮናውን እይ። ካመጣኸውም በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ለብቻው አስረህ የትል መድኃኒት ሰጥተህ ነው ከመንጋው የምትቀላቅለው።

የደጋው አርቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ አንቺም ተባረኪ። ለእርጉዞቹ ፉርሽካ ብቻ ይበቃል ወይስ ፋጉሎም (የዘይት መጭመቂያ ተረፈውን) ልግዛ?

አርቢዋ፦
ፋጉሎም ግዛ፣ ፉርሽካው በዝቶ ፋጉሎው አነስ ይበል፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርግበት። የመጨረሻው ወር ተኩል ላይ እንዳታቋርጥባቸው።