ሦስት ፎቶ ከጎንደር፦ አዲስ ሌንስ ነው የሚያስፈልገኝ ወይስ ሌላ ነገር ጎድሏል?

ቀሃ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ። ሁሉም በ18-55 ሌንስ፣ ያለ ትራይፖድ፣ በጄፔግ የተነሱ ናቸው። «ቆንጆ ነው» ከምትሉኝ የቱ ጋ እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸና ምን መቀየር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

ፎቶ 1፦ የዐፄ ፋሲል ግንብ፣ በጥር፣ ቀን 6፡30፣ 18 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 3.5 (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 1/2000 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)። ግዝፈቱን ለማሳየት አስቤ ነበር። ማማዎቹ ግን ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ፤ የድንጋዩም ሸካራነት አልወጣም።

ፎቶ 2፦ የጥምቀት ጠዋት 12፡45፣ ፋሲል መዋኛ። ካህናት መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ፣ 55 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ 1/60፣ አይኤስኦ 400። ፊታቸው ጨልሟል፣ ደብዝዟልም።

ፎቶ 3፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ 18 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 3.5፣ 1/15፣ አይኤስኦ 800፣ ያለ ፍላሽ። የመላእክቱ ፊት ጥራት የለውም፤ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኗል።

50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብገዛ ይሻላል?

አንገረብ፦
እህቴ፣ ምን ለማሳየት እንዳሰብሽና ቁጥሮቹን አብረሽ መጻፍሽ ሥራችንን አቅልሎልናል። ስለ 1ና 3 ልበል።

ግንቡ የወደቀ የሚመስለው ካሜራውን ወደ ላይ ስላቀናሽው ነው። ሌንሱ ሽቅብ ሲያይ ቋሚ መስመሮች ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ቅርብ በቆምሽ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ግቢው ሰፊ ነውና ወደ ኋላ ሂጂ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ከታች የሚተርፈውን ሣር በኋላ ከፎቶው ላይ ቁረጪው። መራቅ ካልተቻለ በኤዲት ማቃናት ይቻላል፤ ያ ግን ግራና ቀኙን ስለሚበላ በሁለቱም ጎን ትርፍ ቦታ ትተሽ አንሺ። ግዝፈቱን የሚናገረው ደግሞ በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ አሁን መጠኑን የሚያመዛዝን ነገር ፍሬሙ ውስጥ የለም።

ሸካራነቱ ያልወጣው በሰዓቱ ምክንያት ነው። የድንጋይ ጉብታ የሚታየው ብርሃን ግድግዳውን ከጎን ሲልሰው ነው፤ ስለዚህ ጠዋት እስከ 2፡30፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ። በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ታደላለች፤ የሰሜኑ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ይውላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የትኛውን ገጽ እንደምትፈልጊ ወስነሽ ወሩንም ሰዓቱንም ምረጪ። በዚያ ሁሉ ብርሃን ኤፍ 3.5 መጠቀም አያስፈልግም ነበር፤ ማዕዘኖቹ የፈዘዙት በእሱ ነው። ኤፍ 8 እና 1/400 ብታደርጊው ያው ብርሃን ነው የሚገባው።

ለጣሪያው ጠባቂውን ወይም ካህኑን አስፈቅደሽ ካሜራውን ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኚው፣ ሌንሱ ወደ ላይ ይይ። በአንዱ መልአክ ፊት ላይ ፎከስ አድርጊና ፎከሱን ወደ እጅ ቀይሪ፣ የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፊ፣ ታይመሩን 10 ሰከንድ አድርጊ። ሥዕል አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 5.6፣ 1.3 ሰከንድ ካንቺ 1/15 ጋር እኩል ብርሃን ይሰጥሻል፣ አይኤስኦ ሲበዛ የሚመጣው ነጠብጣብም ሆነ መንቀጥቀጥ የለበትም። የጣሪያው አግዳሚዎች ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ካሜራውን አዙሪው። በሁለት ዲግሪ ቢዛነፍ እንኳ የመላእክቱ ረድፍ ይጣመማል፤ ፎቶ 3 ላይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፍላሽ ያለመጠቀምሽ ትክክል ነው። ለቢጫው፣ ነጠላሽን እዚያው ብርሃን ላይ ዘርግተሽ የነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያወጣ ቀለሙን የሚያስተካክልበትን) በእሱ ለኪ።

አንድ ልመና፦ ፎቶ 3ን እንደ ፋይል መልሰሽ ላኪው። የተጨመቀ ስለሆነ ጥራቱ በካሜራው ይጥፋ ወይም በመላኩ መለየት አይቻልም።

አዘዞ፦
ፎቶ 2 ከሦስቱ የሚበልጥ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ። አጉልቼ ሳየው የፊተኛው ካህን ጫማ ጥርት ብሏል፣ እጁና መቋሚያው ግን ወደ ጎን ተስበዋል። እጅሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ጫማውም ከኋላ ያለው ነገርም በአንድ አቅጣጫ እኩል ይሳቡ ነበር። ፎከሱም አልሳተም። 1/60 ለቆመ ሰው እንጂ ለሚያሸበሽብ ሰው አይበቃም።

1/250 አድርጊው። ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ አይኤስኦውን ወደ 1600 ታወጪዋለሽ። ጨለማው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል፤ ጥምጣምና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል። ነጩ አመድማ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/-) ከ+0.7 እስከ +1 ጨምሪ፤ አይኤስኦ 2500 ወይም 3200 ላይ ትደርሻለሽ ማለት ነው። የጥምጣሙ እጥፋት መጥፋት ሲጀምር አቁሚ፤ የተቃጠለ ነጭ በኤዲት አይመለስም፣ አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ ግን ሲታተም ብዙም አይታይም።

መቋሚያው አንዱ ጎን ደርሶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ዜማውን ሁለት ሦስት ዙር አዳምጪና በዚያች ቅጽበት ተጫኚ፤ ረድፉም ሁሉ ያኔ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። በቀኝ ጠርዝ ስልክ የያዘ ግማሽ እጅ ገብቷል። በክሮፕ ካወጣሽው የመጨረሻው ካህን ትከሻ አብሮ ይቆረጣል። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትቆሚ አይገባም ነበር።

አራዳ ጥግ፦
ሌንሱን በተመለከተ፣ ለ1ና ለ3 አትግዢው። ባንቺ ዓይነት ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 50 የሚያሳየው ጠባብ ነው፤ ጣሪያውን አይዝልሽም። ለፎቶ 2 ግን ይጠቅማል፤ በኤፍ 2.8 አይኤስኦ 2500 የነበረው ወደ 640 ይወርዳል።

አዘዞ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት የሚለው ጥልቀት ይጠባል፤ በኤፍ 2.8 ከረድፉ አንድ ካህን ብቻ ነው ጥርት የሚለው፤ የዚህ ፎቶ ጉልበት ደግሞ ረድፉ ነው። ለአንድ ሰው ፊት ከሆነ እሺ።

ቀሃ ማዶ፦
ጋሼ አንገረብ፣ ጣሪያውን እንደ ፋይል ልኬዋለሁ። ሌንሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ በቀይ ጥላ ሥር ያሉ ካህናት ፊታቸው ቀይ ይወጣል። የነጭ ሚዛኑን ስቀይር ደግሞ ሰማዩና ሣሩ አረንጓዴ ይሆናሉ።

አንገረብ፦
ፋይሉን አየሁት፤ ጥራቱ የጠፋው በ1/15 ነው፣ በመላኩ አይደለም።

ቀዩ ፀሐይ በጥላው ጨርቅ አልፋ የምታመጣው ስለሆነ ፊት ላይ ብቻ ነው ያለው፤ የነጭ ሚዛን ግን ሙሉውን ፎቶ ይቀይራል። በኤዲት ከሆነ ፊቱን ብቻ መርጠሽ የቀይን ድምቀት ቀንሺ። ከዚያ የሚሻለው ከፀሐይ ጎን ቆመሽ መጠበቅ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ከጥላው ጠርዝ ሥር ይገባና ፊታቸውን በቀጥታ ያገኘዋል።