የአያቴን ጥለት ቬሎዬ ላይ ማስገባት ፈልጌ ነበር፤ ምን ትሉኛላችሁ?

የጥር ሙሽራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰርጌ ጥር ላይ ነው፣ አዲስ አበባ። ተክሊል አለን። ቬሎ መከራየት ስላልፈለግኩ ላሰፋ ነው። አያቴ ለመልሷ የለበሰችው ቀሚስ አለ። ጨርቁ አልቋል፤ ጥለቱ ግን ደህና ነው፣ ቀይና ወርቃማ። ያነጋገርኳት ዲዛይነር ጥለቱን በቀሚሱ ጫፍ ዙሪያ፣ አንገቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ዓይነ ርግቡም ላይ ላድርገው አለችኝ። ወገቡ ላይ ደግሞ የላሊበላ መስቀል ልትጠልፍ። ስዕሉን ሳየው ራሴን አጣሁት። እናቴ በበኩሏ "ጥለት ለመልስ ነው፣ ቬሎ ነጭ ይሁን" ብላ ድርቅ ብላለች። የሙሽራ ልብስ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እናንተ ከምን ትጀምራላችሁ?

ሚዜ ብቻ፦
እናትሽን ስሚ በናትሽ። ቬሎው ነጭ፣ መልስ ላይ እንደፈለግሽ። ምን ያጨቃጭቃል?

መርፌና ክር፦
የሙሽራ ልብስ ነው የምሠራው፤ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቹ ጋር ስውል ነው የምከርመው። እኔ እርሳስ የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ስለ ቀኑ እጠይቃለሁ። ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ? እስክስታ ትወርጃለሽ? እስክስታ የምትወድ ልጅን በጠባብ እጅጌ ትከሻዋን ካሰርኩት ጠላቷ ነኝ።

ወደ ጥለቱ ስንመጣ፣ ጥለት ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነገር ነው። ክብ ቅድ ባለው ቬሎ ጫፍ ላይ ዙር ብትይው ይጨማደዳል፣ ወይ ተቆራርጦ ይቀጣጠላል። የአያትሽን ጥለት መቆራረጥ ደግሞ ያሳዝናል። ወገብ ላይ ያለ መስቀልም ስትቀመጪ ይታጠፋል። ምን አመጣው?

ብዙ ሙሽሮች ጀርባው ይሠራልኝ ይላሉ። ተክሊል ካለሽ ግን ካባ ትደርቢያለሽ፤ ጀርባው ላይ የተለፋበት ሁሉ ካባ ውስጥ ይቀራል። ካባ ደረት ላይ ተያይዞ ከታች ይከፈታል። ስለዚህ እኔ ብሆን ጥለቱን አንድ ቦታ ብቻ አደርገው ነበር፦ ከደረት እስከ ጫፍ፣ ከፊት፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር። ሌላው ሁሉ ነጭ። ስትራመጂ ካባው መሀል ብቅ ይላል። እናትሽም ነጩን አገኙ ማለት ነው።

ከመሰፋቱ በፊት ግን ቀዩን ክር ፈትኚው። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጫን አድርጊበትና ትንሽ አቆዪው። ጨርቁ ሮዝ ሆኖ ከተነሳ ቬሎ ላይ አይውጣ። ካልለቀቀ፣ ከሥሩ ስስ ጥጥ ገበር ተደርጎለት በእጅ ይሰፋ። ያረጀ ፈትል በማሽን ሲሰፋ መርፌው በሄደበት መስመር ይቀደዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አልስማማም። ሜጋን ማርክል በ2018 በፈረንጆቹ የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ስታገባ ዓይነ ርግቧ ላይ የ53ቱ የኮመንዌልዝ አገሮች አበባ ተጠልፎ ነበር። 53! ማን በዛ አለ? ቀኗ ነው፣ ታብዛው።

መርፌና ክር፦
ጥሩ አነሳሽው። እስኪ ቀሚሱን አስታውሺ። ያኔ የጂቫንሺ ፋሽን ቤት ዲዛይነር የነበረችው ክሌር ዌይት ኬለር ጥልፉን ሁሉ አምስት ሜትር ዓይነ ርግብ ላይ አወጣችና ቀሚሱን ባዶ ተወችው። ዳንቴል የለ፣ ዶቃ የለ፣ ቅዱ ብቻ። ጠላፊዎቹ ክሩ እንዳይቆሽሽ በየሠላሳ ደቂቃው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ማብዛት ከተፈለገ አንድ ቦታ ላይ ይብዛ ነው የምለው።

የጥር ሙሽራ፦
የፊቱ መስመር ልቤን ወሰደው። ግን ካባውን ገና አልመረጥንም። ችግር አለው?

መርፌና ክር፦
አለው። የካባው አንገት የት ጋ እንደሚያያዝ ሳላውቅ እኔ መቀስ አላነሳም፤ የጥለቱ መነሻ የሚለካው ከዚያ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምትወስጂ ከሆነ ሄደሽ ለብሰሽ ለኪው፣ ፎቶም አንሺ። ቀዩ ከካባው ቀለም ጋር እንዳይጋጭ ጥለቱን ይዘሽ ሂጂ። እናትሽም ይምጡ። ጥር ሲቃረብ ሁላችንም እንቅልፍ የለንም፤ ጨርቁን ከኅዳር በፊት ለዲዛይነሯ አስረክቢ።