ሻነን የሚለው የሴት ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ናት። «ሻነን» ልንላት አስበናል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ትርጉም «ጥበበኛ አሮጌ ወንዝ» ይላል። ልክ ነው? አጻጻፉስ? ክርስትና ስትነሳስ ችግር ይኖረዋል?

የሽምብጥ ልጅ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ትርጉሙ ግማሽ በግማሽ ነው። ሻነን የአየርላንድ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ። በራሳቸው ቋንቋ ወደ «ሺነን» ይጠጋል። «አሮጌ» የሚለው መሠረት አለው፦ ቃሉ በቋንቋቸው «ሻን» ነው፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የጂኦግራፊ ሊቁ ቶለሚም ወንዙን «ሴኖስ» ብሎ ጽፎታል። «ወንዝ» የሚለው ግን የስሙን መጨረሻ ከሌላ ቃል ጋር በግምት በማገናኘት የመጣ ነው። «ጥበበኛ»ም ስሙ ውስጥ የለችም፤ የመጣችው ከተረቱ ነው። ሲናን የምትባል ሴት ጥበብ ፍለጋ ወደ አንድ ምንጭ ትሄዳለች፣ ውሃው ገንፍሎ ይወስዳታል፣ ወንዙም በስሟ ይጠራል። መነሻው የሚባለው አሁንም ትንሽ ኩሬ ነው፤ ከዚያ ወርዶ ሦስት ትልልቅ ሐይቆችን ያቋርጣል። ግሽ ዓባይ ፈልቆ ጣናን አልፎ እዚህ እኛ ጋ የሚወጣውን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዓባይ ተብሎ የተጠራ ሰውስ ስንት አለ?

አንድ ነገር ልጨምር፦ አየርላንዶች ዘንድ የቆየ የሴት ስም አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነው የተስፋፋው፤ እዚያ ወንዶችም ይጠሩበታል።

ጣና ዳር፦
በአማርኛ «ሻነን» በቂ ነው፤ ሁለተኛው ፊደል ጠብቆ እንዳይነበብ ብቻ ለቤተሰብ ንገሩ። ችግሩ የልደት ምዝገባው ላይ ነው። ጸሐፊው ከአማርኛው ገልብጦ እንግሊዝኛውን ከጻፈ አንዷ «ኤን» ትጎድላለች፣ «ኦ»ዋም «ኢ» ትሆናለች። እንግሊዝኛውን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ውሰዱ፦ መሐል ላይ «ኤን» ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎ «ኦ»። ማኅተም ሳይመታ አንብቡት፤ ፓስፖርቱም ይህንኑ ይከተላል። በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።

ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ደግሞ «ሻነን»ን «አምስቱ» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ ግን አይቀርላችሁም።

ወለተ ጽዮን፦
ለክርስትናው አትጨነቁ። በ80 ቀኗ ስትነሳ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጡላታል፣ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ። ጸሎቱም ቁርባኑም በዚያ ስም ነው፤ ሻነን የቤትና የትምህርት ቤት ስሟ ይሆናል። እዚያው ጽፋችሁ አስቀምጡት፣ ብዙ ሰው በኋላ ይጠፋበታል።