የተመራቂ ተማሪዎች የሥራ ዝግጅት ሐሳብ፦ ለረቂቅ 2 የአባላት ውይይት

ሰብሳቢ፦ እንደምን አመሻችሁ። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምናቀርበው ሐሳብ እስከ ወሩ መጨረሻ ተጠናቆ መግባት አለበት። ረቂቅ 1 በሰኔ ወር ለ500 ተመራቂዎች በአንድ አዳራሽ የሁለት ቀን ሥልጠና ይላል። ይህን እንደያዝን እንሂድ ወይስ እንቀይረው? መልሳችሁን ከነምክንያቱና ከነቁጥሩ ጻፉልን።

የሰው ኃይል ባለሙያ አባል፦ ሰኔ ፈጽሞ አይሆንም። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ተማሪው ከግንቦት ጀምሮ ልቡ እዚያ ነው፤ ያልተረጋጋ ሰው ሰብስበን ስለ ቃለ መጠይቅ ብናወራለት ውጤት የለውም። ኅዳር ላይ ጀምረን ሚያዝያ ላይ እንጨርስ።

አዳራሹም አይጠቅምም። 500 ሰው ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ ይሰማል፣ የራሱን ሲቪ ግን ማንም አያነብለትም። እኔ የማቀርበው 120 ተማሪ በ20 በ20 ተከፍሎ ስድስት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት አማካሪ ነው። እያንዳንዱ ሲቪ ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ በመጀመሪያው እርማት ይሰጥበት፣ በሁለተኛው እርማቱ መግባቱ ይታይ። ሁለተኛው ንባብ ከቀረ የመጀመሪያው እንዳልተደረገ ይቆጠር፤ አብዛኛው ተማሪ እርማቱን በስልኩ አንብቦ ያልፈዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰዓቱን አሰላሁት። 120 ሲቪ ሁለት ጊዜ ሲነበብ 240 ንባብ ነው። ለአንዱ 20 ደቂቃ ብንይዝ 80 ሰዓት፣ ለ12 አማካሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በአምስት ወር ውስጥ ይህ ለማንም አይከብድም። የአዳራሹ ምሳና ባነር ሲቀር የሚተርፈውን ገንዘብ ለአማካሪዎች መጓጓዣና ለኅትመት እናውለው። ከፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ (የምሕንድስና) ግቢ የሚመላለሱት ተማሪዎቹ ሳይሆኑ አማካሪዎቹ ይሁኑ። ተማሪው ለታክሲ የሚያወጣው ሲያጣ ይቀራል፣ ለምን እንደቀረ ግን አይነግረንም።

ሲቪል መሐንዲስ አባል፦ ስለ ሲቪው ይዘት አንድ ነገር ልጨምር። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሙሉ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግን ሲቪያቸው ላይ «ሳይት ላይ ሠርቻለሁ» ብቻ ይጽፋሉ። ይህ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። «የሁለተኛ ፎቅ ስላብ (የኮንክሪት ወለል) ብረት ቴክኦፍ (ከፕላኑ ላይ መጠን ማስላት) ሠርቼ ሳይት ከገባው ብረት ጋር አስተያይቻለሁ» ቢል ግን ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው መሐንዲስ የሚጠይቀው ያገኛል። ለዚህ ደግሞ ተማሪው ሳይት ሳለ በየቀኑ ሦስት መስመር መያዝ አለበት፦ ምን ሠራ፣ ምን ያህል፣ በምን መሣሪያ። ከስድስት ወር በኋላ መጠኑን ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ለፖሊ ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ገለጻ ይግባ።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት አባል፦ ኢንተርንሺፕ የሌላቸውንም አትርሱ። ለሶሲዮሎጂ ወይም ለታሪክ ተማሪ ያለው ትልቁ ሥራ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን አውጥተን «ለመመረቂያ ጥናቴ በ3 ቀበሌ 96 አባወራዎችን ጠይቄ መልሱን በኤክሴል አጠናቅሬያለሁ» እናስገባ። ይህን መስመር ለማውጣት አማካሪው ጠጋ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ልጆቹ የሠሩትን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም።

ጸሐፊ፦ ማመልከቻ ከሚያስጥሉ ነገሮች ብዙ ጊዜ የምናያቸውን ሰብስቤ ላስቀምጥ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይሠሩ።

ስም፦ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ በፋይዳ መታወቂያና በስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በሚሰጠው የውጤት ዝርዝር) ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይመሳከር። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደግሞ ሌላው ላይ ነጠላ ከሆነ ቀጣሪው ሁለት ሰው ነው ሊል ይችላል። ማስተካከያውን ግቢ ሳሉ ሬጅስትራር መጠየቅ ይቀላል፤ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ይዘው አገር ቤት ከገቡ በኋላ ለአንዲት ፊደል ሌላ ጉዞ ነው።

ዓመተ ምሕረት፦ ሐምሌ 2018 የሚመረቅ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሞላ የኦንላይን ቅጽ ላይ 2018 ብሎ ከሞላ፣ ከተመረቀ ስምንት ዓመት ያለፈው ይመስላል። «የዘንድሮ ተመራቂ» የሚለው ማጣሪያ ይጥለዋል፣ ልጁም ለምን እንዳልተጠራ አያውቅም። 2026 ነው መጻፍ ያለበት። የልደት ቀንም እንዲሁ ወርና ቀኑ ሳይቀር ይቀየር፤ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ብቻውን አይበቃም።

ፋይል፦ ሲቪ ከስልክ በዎርድ ሲላክ ሰንጠረዡ ይበተናል፤ በፒዲኤፍ ይላክ። የፋይሉ ስም የባለቤቱ ስም ይሁን። የትምህርት ማስረጃዎች በአንድ ፋይል፣ በጠራ ብርሃን የተነሡ፣ ቀጥ ያሉ ይሁኑ።

ሰብሳቢ፦ እህታችን ጸሐፊ፣ ተማሪው ለትምህርቱ ሊከፍል የፈረመው የወጪ መጋራትስ? በየዓመቱ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ጸሐፊ፦ እሱንም አስገባዋለሁ። ኦሪጅናል ዲግሪው የወጪ መጋራቱ ሳይጠናቀቅ አይሰጥም፤ እስከዚያ የሚሠራው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ተማሪው የፈረመውን የውል ቅጂ ሳይዝ ከግቢ እንዳይወጣ እንንገረው።

የሕግ ባለሙያ አባል፦ ሁለት ሦስት ነገር ከኔ በኩል። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ፣ በተለይ ባንክ፣ ዋስ ይጠየቃል። ጥሪው ከመጣ በኋላ ዋስ ፍለጋ መሮጥ ጊዜ ያልፋል፤ ከገጠር ለመጣ ልጅ ደግሞ ደመወዝተኛ ዘመድ ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ በየካቲት እያንዳንዱ ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚችላቸውን ሁለት ሰዎች ያነጋግር። ዋስ የሚሆነው ሰውም ይወቅ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። መጠኑ ባዶ የተተወ ወረቀት አይፈረም።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሥራ ቀን ማለት እሑድና በዓል ሳይቆጠር ማለት ስለሆነ ሁለት ወር ነው ብለው እንዳይሳሳቱ።

በቴሌግራም «ሥራው ተዘጋጅቷል፣ የምዝገባ ክፍያ ላኩ» የሚል መልእክትም አለ። የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ተማሪው መታወቂያውንና ስቱደንት ኮፒውን ለማያውቀው ሰው ወይም ለግሩፕ አይላክ።

የሰው ኃይል ባለሙያ አባል፦ ልምምዱ ላይ እንስማማ። የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ፣ 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር። ልጆቹ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ላይ ተጣብቀው ሰዓት ስለሚያልቅባቸው ነው፤ ትቶ ማለፍን መለማመድ አለባቸው። ቃለ መጠይቅ ለአንድ ተማሪ 15 ደቂቃ፦ 9 ደቂቃ ጥያቄ፣ 6 ደቂቃ አስተያየት። «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይጠየቅ። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ተምረው በእንግሊዝኛ ተናግረው አያውቁም፤ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ስድስት ሰባት ጊዜ ጮክ ብለው ካሉት ቀሪው ይከተላል። በቃል የተሸመደደ አንቀጽ ግን አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ሦስት ነጥብ ብቻ ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ውጤቱን በምን እናውቃለን? ረቂቁ ላይ የለም።

ጸሐፊ፦ ከምረቃ በኋላ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ስልክ እንደውላለን። ከተመረቁ በኋላ ሲም ስለሚቀይሩ ሁለት ቁጥር እንያዝ፣ አንዱ የቤተሰብ ይሁን። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ስንት ቦታ አመለከትክ፣ ስንት ጊዜ ተጠራህ፣ የት ላይ ቆመ፣ አሁን ምን ላይ ነህ። አመልክቶ ያልተጠራ ሲቪው ላይ፣ ተጠርቶ ያልተቀጠረ ፈተናው ወይም ቃለ መጠይቁ ላይ ችግር እንዳለ እናያለን፤ አማካሪውም በዚያው ይመለስበታል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ 120 ተማሪ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ አዳራሹ ቀርቷል። የተማሪ መምረጫው ግን አልተወሰነም። በውጤት ብቻ ከመረጥን ድጋፉ የሚያስፈልጋቸውን እንስታለን። እኔ ግማሹ ከየትምህርት ክፍሉ በዕጣ፣ ግማሹ በተማሪዎች ዲን በኩል የኑሮ ድጋፍ ከሚያገኙት ይሁን እላለሁ። የምትቃወሙ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉ። መምህርታችን የሲቪውን ክፍል፣ የሕግ ባለሙያችን የዋስና የውል ገጹን፣ ጸሐፊያችን የሰነድ ማመሳከሪያውን እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፤ ዓርብ አንድ ላይ አስሬ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።