የዕቅድ ውይይት፦ ካርታው ሰው ሲከተል ካሜራው ምን ያህል ይቅረብ? (የጋራ ሐሳባችን 3ኛ አንቀጽ)

ጸሐፊው፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤው ከምናቀርበው ሐሳብ ሁለቱ አንቀጾች አልቀዋል። የቀረን፣ ለጎንደር የምንሠራው መንገድ መሪ አፕ ተጠቃሚውን እየተከተለ ሳለ ካሜራው (ካርታውን የምናይበት ዓይን እንጂ የስልኩ ፎቶ ማንሻ አይደለም) ምን ያህል ይቅረብ፣ ምን ያህልስ ዘንበል ይበል የሚለው ነው። መነሻ ይሆን ዘንድ ይህን ጽፌያለሁ፦

«አፑ መከተል ሲጀምር ዙሙ 18፣ ዝንባሌው 60 ዲግሪ ይሁን።»

(ዙሙ ሲጨምር ካርታው ይቀርባል፤ ዝንባሌው ዜሮ ሲሆን ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ያያል።) የማይጥማችሁ ካለ ቅደዱት።

የአዘዞው ባጃጅ፦
ልጄ፣ እኔስ እቀደዋለሁ። ሙከራውን ስልኬ ላይ ከጫናችሁልኝ በኋላ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ወጣሁበት። የማየው የራሴን ባጃጅ ብቻ ነው! መታጠፊያው ብቅ ሲል እኔ አልፌዋለሁ። ዳር ይዤ ቆሜ በሁለት ጣቴ ካርታውን አራቅኩት፤ ገና ሳልነሳ ተመልሶ ቀረበ። ደግሜ አራቅኩት፣ ደግሞ ቀረበ። ከስልክ ጋር ስጣላ ተሳፋሪው ሳቀብኝ።

የማራኪው፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። አፑን ስሠራ 18ን የመረጥኩት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነው።

ሒሳቡን አሁን ሠራሁት። በምንሠራበት ማፕሊብሬ (አፑ ውስጥ ካርታውን የሚያሳየው ሶፍትዌር) ዙሙ በ1 በጨመረ ቁጥር የሚታየው ርቀት በግማሽ ይቀንሳል። ጎንደር ላይ በዙም 18 አንዷ የስክሪን ነጥብ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ስክሪኑ 700 ነጥብ ቁመት ካለው፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ሲያይ፣ መሀል ላይ ካለው ባጃጅ ፊት የሚታየው 100 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ 12 ሰከንድ ማለት ነው። በ17 ወደ 24፣ በ16 ወደ 49 ሰከንድ ይሆናል። (ጉግል ማፕ የለመዳችሁ፦ የማፕሊብሬ 16 ከዚያኛው 17 ጋር ነው የሚመጣጠነው። ቁጥሩን እንዳለ ስትገለብጡ ተጠንቀቁ።)

ተመልሶ የሚቀርበው ነገር የባሰ ነው። ካርታው ሰው ሲከተል ካሜራውን የሚነዳው ቦታችንን የሚያሳየው ክፍል ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ቦታ በመጣ ቁጥር «አኒሜት ካሜራ» በሚባለው ተራ ትእዛዝ 18ን በጎን እልክ ነበር፤ አንድ መሪ ሁለት ሰው ጨብጦት እንደማለት ነው። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ «ዙም ዋይል ትራኪንግ» እና «ቲልት ዋይል ትራኪንግ» የሚባሉ ትእዛዞች አሉ፤ መከተሉን ሳያቋርጡ ያቀርባሉ፣ ያዘነብላሉ። ወጥመድም አላቸው፦ ካሜራው ወደ መከተል ገና እየተሸጋገረ ሳለ ከላካችኋቸው ይታለፋሉ። ተጠቃሚው ፊት ምንም ስህተት አይወጣም። ሁለት ቀን የበላኝ ይኸው ነው። መፍትሔው ዙሙንና ዝንባሌውን መከተሉን ከሚያስጀምረው ትእዛዝ ጋር አብሮ መስጠት፣ ወይም ሽግግሩ እስኪያልቅ ጠብቆ መላክ ነው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ላልገባኝ ልጠይቅ። ካርታው ዘንበል ሲል ዳገቱን ያሳያል? ወደ ጎሃ የሚወጣው ባጃጅ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የማራኪው፦
አያሳይም። ዘንበል የሚለው የምናይበት ዓይን ነው፤ መሬቱ ያው ጠፍጣፋ ነው፣ የከፍታ መረጃ ካልተጨመረበት በቀር። የጎሃን ዳገት የሚያውቀው ሞተሩ ነው።

አስጎብኚዋ፦
የባጃጁ ገባኝ። የእግረኛውንስ ማን ያስበው? የፋሲል ግቢ ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ነው። ከአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት የአፄ ኢያሱ ቅርብ ነው፤ እንግዳው የሚፈልገው የትኛው በር ጋ እንደቆመ ነው። ስለዚህ ለእኛ 18 ይቆይልን። ዝንባሌው ግን ዜሮ ይሁን፤ ካርታው ሲያዘነብል ቅርቡ ይገዝፋል፣ ሩቁ ይጨመቃል፣ እንግዳውም «ያ ሩቅ ነው» ብሎ ሳይሄድ ይቀራል።

ሌላው ካርታው መሽከርከሩ ነው። ቆሜ ስለ እንቁላል ግንቡ እያስረዳሁ ስልኩ እጄ ላይ ይዞራል።

የማራኪው፦
የጂፒኤስ አቅጣጫ የሚገኘው ከእንቅስቃሴ ነው። ሰው ሲቆም አቅጣጫው ዝም ብሎ ይዋልላል፣ ካርታውም አብሮ ይዞራል። ለእግረኛ ካሜራው እየተከተለ ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚሆንበት አሠራር አለ፤ እሱን እንያዝ። ባጃጅ ላይ ግን ኮምፓሱን አላምነውም፤ ብረት አጠገቡ ካለ ይሳሳታል። እዚያ የጂፒኤሱ አቅጣጫ ይሻላል።

የአዘዞው ባጃጅ፦
60ውስ? እኔ ፊት ለፊት ማየቱን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። ኢንተርኔቱን ግን በላው።

የማራኪው፦
60 የምንሠራበት የስልክ ማፕሊብሬ ጣሪያው ነው። በጣም ባዘነበለ ቁጥር እስከ ሩቅ ስለሚያይ ብዙ የካርታ ቁራጭ ያወርዳል። 45 ላይ ብናቆመው መንገዱን ፊት ለፊት ያያሉ፣ ጥቅሉም ይተርፋል። ባጃጁን ከመሀል ወደ ስክሪኑ ታች ዝቅ ካደረግነው ደግሞ ዙሙን ሳንነካ የፊቱ መንገድ ይረዝማል።

አስጎብኚዋ፦
ለከተራ ዕለትም አስቡበት እንጂ። ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርደው ሰው መሀል የገባ ባጃጅ ፍጥነቱ የእግረኛ ነው። ያኔ አፑ በምን ያውቃል?

የማራኪው፦
በፍጥነት ብቻ ከለየን አያውቅም። ሰውየው ራሱ «በእግር» ወይም «በባጃጅ» ብሎ ይምረጥ እላለሁ።

የአዘዞው ባጃጅ፦
እየነዳሁ ቁልፍ ልጫን? አይሆንም።

የማራኪው፦
ሳይነሱ አንዴ ብቻ ይመርጣሉ ጋሼ።

የአዘዞው ባጃጅ፦
እሱ ይሻላል።

ጸሐፊው፦
እስካሁን የተባለውን ወስጄ እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«3. ተጠቃሚው ከመነሳቱ በፊት በእግር ወይም በባጃጅ ይመርጣል። በባጃጅ ዙሙ 16፣ ዝንባሌው 45 ዲግሪ ሆኖ ካርታው በጂፒኤስ አቅጣጫ ይዞራል፤ ባጃጁም ወደ ስክሪኑ ታች ዝቅ ብሎ ይታያል። በእግር ዙሙ 18፣ ዝንባሌው ዜሮ፣ ሰሜን ወደ ላይ ይሆናል። ዙሙና ዝንባሌው መከተሉ ሲጀምር አንዴ ይሰጣሉ። ተጠቃሚው በጣቱ ካርታውን ካራቀ ወይም ካቀረበ ምርጫው ይጸናል፤ መመለስ ሲፈልግ የ‹ተከተለኝ› ቁልፍን ይጫናል።»

16 ወይስ 17 የሚለው አልተቋጨም፤ ፒያሳ አካባቢ መታጠፊያው ስለሚቀራረብ 17 የሚሉ በውስጥ መስመር ጽፈውልኛል። በወሬ አንጨርሰውም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከአዘዞ በሁለት ስልክ እንነሳለን፣ አንዱ 16፣ ሌላው 17። ጋሼ ይነዳሉ፣ የማራኪው ከኋላ ተቀምጦ ይመዘግባል። ቀኑ የገበያ ስለሆነ ቅዳሜ ገበያ ሳይሞላ ማለፍ አለብን።

የአዘዞው ባጃጅ፦
ነዳጁን ማኅበሩ ይቻል።