ከአንደኛ ክፍል መምህርነት ወደ ኮሌጅ አሠልጣኝነት፦ በምን ልነሣ?

ጥያቄ (ከደሴ)
አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ለዘጠኝ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ በቅርቡ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስለጨረስሁ፣ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ለሚያሠለጥን የኮሌጅ መምህርነት ለማመልከት አስቤአለሁ። በማሳያ ትምህርቱ ላይ ንድፈ ሐሳብ ባቀርብ ይሻላል ወይስ ከክፍሌ ልምድ ብነሣ?

መልስ 1
መምህር፣ ያለ ጥርጥር ከክፍልዎ ይነሡ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙ ዕጩ መምህራን ግን ገበታውን በዜማ ከማስቆጠር ያለፈ ዘዴ ይዘው አይመጡም። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» እያለ እስከ ታች ይወርዳል፤ «ቡ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከ«በ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይደርስባትም። ካዕብ በአብዛኛው ከጎን፣ ሣልስ ከግርጌ ምልክት እንደሚጨምሩ፣ ሳድስ ግን ወጥ መልክ ስለሌለው የራሱ ጊዜ እንደሚያስፈልገው በሰሌዳ ላይ ቢያሳዩ፣ ንድፈ ሐሳቡም አብሮ ይመጣል።

መልስ 2 (ከኮምቦልቻ)
በዚህ ላይ የማጥበቅና የማላላትን ነገር ይጨምሩ። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያመለክት፣ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ልጁ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ቃልን ነጥሎ ማስነበብ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት። ከከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ሠልጣኞች ቢገጥሙዎት ደግሞ ይጠይቋቸው፤ በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ጥብቀት ተነባቢውን በመድገም ስለሚጻፍ፣ ልዩነቱን ለክፍሉ በደንብ ያስረዳሉ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ማሳያዬን በ«ቡ» እጀምራለሁ።